ኦርሴ እና የታሰረው ማንጎ

ኦርሰሊና ሬንዋሪን፣ ባጭሩ ኦርሴ፣ ከኬይ ደሴቶች ተነስታ አምቦን ወደብ ስትወርድ፣ ከተሸከመችው ሻንጣ ይልቅ የከበዳት ባዶ ሆዷ ነበር። መርከቡ ላይ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ለሩዝ ሲሰለፍ፣ እሷ ምንጣፏ ላይ ጥቅልል ብላ የጠገበች መሰለች። ብቻዋን ስትሰለፍ ሰው እንዳያያት አፍራ ነው። የሚያውቃት አንድ ነፍስ እንኳ አልነበረም፤ ዓይናፋር ግን የሚያፍርበት አያጣም። ከመንደሯ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የመጀመሪያዋ ናት። ስትሸኝ ቄሱ ባርከዋታል፣ መዘምራኑ ዘምረውላታል፣ አክስቶቿ ደግሞ ጉንጯን ስመው «አሳፍረሽን እንዳትመጪ» ብለዋታል። ምርቃቱንም መዝሙሩንም ባሕር ላይ ጥላ፣ ይቺን የመጨረሻዋን ብቻ ይዛ መጣች።

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር ባለችው መንደር፣ ማማ ዶልፊና ቶማሶዋ የሚባሉ ባልቴት ለተማሪዎች ክፍል ያከራያሉ፤ ኦርሴም ያረፈችው እዚያ ነው። ማማ ዶልፊና ድሮ እንግዳ ሲመጣ «በላሽ?» ብለው ደጋግመው የሚጠይቁ ሴት ነበሩ ይባላል። ያለፈው ዓመት ተከራዮች ግን በጠየቋቸው ቁጥር «አልበላንም» እያሉ ድስቱን ስላደረቁባቸው፣ ዘንድሮ አንዴ ብቻ ጠይቀው ማለፍን ለመዱ። በኬይ ወግ ደግሞ ጨዋ ልጅ መጀመሪያ «በልቻለሁ» ትላለች፣ ቀጥላ «ጠግቤያለሁ» ትላለች፣ ከዚያ ሲለምኗት ዓይኗን ሰበር አድርጋ ወደ ገበታው ትጠጋለች።

«በላሽ ልጄ?» አሏት ማማ ዶልፊና።

«በልቻለሁ ማማ።»

«ጎሽ!» አሉና ድስቱን ከደኑት።

ኦርሴ ቀጣዩን ጥያቄ ስትጠብቅ ማማ ዶልፊና እግራቸውን ታጥበው ገቡ።

በማግስቱ ማለዳ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓሮው ጉድጓድ ወረደች። ከጉድጓዱ አጠገብ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ከሥሩ ደግሞ አንድ ማንጎ ወድቋል፤ ጎኑ ቢጫ፣ ጫፉ ቀይ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ። ኦርሴ የሰው ነገር የምትነካ ልጅ አይደለችም። በተለይ ዛፍ። አገሯ ላይ ሰው ዛፉን ወይም ባሕሩን ሲያስር፣ ማለትም እንዳይነካ ሲከለክል፣ ለጋ የኮኮናት ቅጠል ያስርበታል፤ ያንን ቅጠል ያየ ሰው እጁን ይሰበስባል። ፓማን ታዴዎስ የሚባል አጎቷ በወጣትነቱ ከታሰረ ጫካ አንዲት ኮኮናት አውርዶ አፉ ወደ ግራ ተጣሞ ቀረ። እስከ ዛሬ ድረስ ሲስቅ የሚያለቅስ፣ ሲያለቅስ የሚስቅ ይመስላል። ስለዚህ ኦርሴ ግንዱን ዞረች፣ ቅርንጫፉን ቀና ብላ አየች። ቅጠል የለም። ከአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ የተጠመጠመበት ጠርሙስ ብቻ ተንጠልጥሏል። የሌሊት ወፍ ማባረሪያ ይሆናል አለች። አምቦኖች ዘመናዊ ናቸው ሲባል ሰምታለች።

ማንጎዋን በላቻት። አጥንት መሳዩን ፍሬ ሳይቀር ፋቀችው፤ ከዚያ ከሙዙ ተክል ኋላ ወረወረችውና እጇን ታጥባ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። እዚያ ነባር ተማሪዎች አዲሶቹን በሰልፍ አቁመው፣ አንገታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ካርቶን አንጠልጥለው ይጮሁባቸዋል። ዋናው ጯሂ ካካ ዮፒ የሚሉት ደረተ ሰፊ ልጅ ነው፤ ካካ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ድምፁ ከቤተ ክርስቲያን ደወል ይበልጣል፤ ደወል ግን ቢያንስ ያርፋል። ኦርሴ ከፍርሃቷ የተነሳ ስሟን ሲጠይቋት የመርከቡን ስም ተናገረች።

ወደ ማታ ቤት ስትመለስ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋን አገኘች። ያኮባ ላቱሄሩ ትባላለች፣ ከሳፓሩዋ ደሴት ናት፣ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ሰፈሩ ኮባ ይላታል። ወፈር ያለች፣ ሳቋ የሚቀድማት፣ ስትበላ ደግሞ ሳቋን የምትረሳ ልጅ ናት።

«እሺ የኬይ ልጅ!» አለቻት ጓሮ ቆመው ልብስ ሲያሰጡ። «ሁሉን እየለመድሽ ነው? ውሃ እዚህ ነው፣ ሽንት ቤት እዚያ ነው፣ ያንን ዛፍ ደግሞ ቀና ብለሽም አትዪ።»

«የ… የቱን?»

«ማንጎውን። ጠርሙሱ አይታይሽም? ሳሲ ነው፣ ታስሯል። ፓስተሩ ከምእመናኑ ጋር ጸልየውበታል። ፍሬው በሙሉ ደርሶ ዛፉ እስኪፈታ ድረስ ማንም አይነካውም።»

የኦርሴ እጅ ላይ ያለው ሸሚዝ መሬት ወደቀ። «የወደቀስ ቢሆን ኡሲ?» አለች። ታላቅ እህት እንደማለት ነው፤ ከፍርሃቷ ብዛት አክብሮቷ ጨመረ።

«የወደቀውን የሚያነሳው ጠባቂው ኦፓ ዌሌም ብቻ ነው። ባለፈው ከወዲያ ሰፈር አንዱ ከታሰረ ዛፍ ኮኮናት አውርዶ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። ሚስቱም እርጉዝ ነበረች። እሷ ወለደች፣ እሱ እንደተነፋ ቀረ!»

«አፍስ? አፍ አያጣምምም?»

«አፍ የሚያጣምመው የእናንተ አገሩ ነው። የእኛው ሆድ ነው የሚነፋው። እንደየአገሩ ነው።» ኮባ ድንገት ዞር ብላ አየቻት። «ምነው? በላሽ እንዴ?»

«እኔ? ኧረ በፍጹም!»

ይቺ ቃል ስትወጣ ኦርሴ የከንፈሯን ጫፍ ወደ ግራ የሳበው ነገር ያለ መሰላት።

ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ሰላም የሚባል ነገር ከእሷ ጋር ተለያየ። የኬይ ልጅ የአምቦንን ማንጎ ስትበላ የሚመጣባት የቱ ነው? አፍ ወይስ ሆድ? ወይስ ሁለቱም? የሚጠየቅ ሰው የለ። በጣቷ የከንፈሯን ዳርና ዳር ትለካለች፣ በመዳፏ ሆዷን ትዳብሳለች። ማማ ዶልፊና በማግስቱ ሳይጠይቋት ፓፔዳ ከቢጫው የዓሣ ሾርባ ጋር አቀረቡላት። ፓፔዳ ከሳጎ ዛፍ ዱቄት የሚሠራ፣ እንደ ሙጫ የሚሳብ ገንፎ ነው፤ ኬይ ላይ እንዲህ ቃሪያ አይበዛበትም። እንግዲህ የተራበ ሆድ በዚያ ላይ ቃሪያ ሲወርድበት ምን ይላል? ጮኸ። ኦርሴ ጩኸቱን ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀምጣ አለቀሰች። ጀመረኝ አለች በልቧ።

ሰልፍ ላይም አልተዋት። አፏ መጣመም አለመጣመሙን ለማወቅ በየደቂቃው ፈገግ ብላ ትሞክረዋለች። ካካ ዮፒ አያት።

«አንቺ! የኬይዋ! ምን ያስቅሻል?»

«አልሳቅኩም ካካ።»

«እያየሁሽ! ጥርስሽን እያየሁት!»

«አፌን… እየሞከርኩት ነው።»

ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ካካ ዮፒ የተሰደበ መሰለው፤ እስከ እኩለ ቀን ድረስ አንድ እግሯ ላይ አቆማት። እሷ ግን ከቅጣቱ ይልቅ የተሳቀበት የራሷ አፍ አሳሰባት። ሰው የሳቀው ተጣሞ አይቶ ይሆን?

የመጀመሪያው ትምህርት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠማት። የምታጠናው ዓሣ ሀብት ነው፤ አስተማሪዋ ዶክተር ሳሄታፒ ባሕር ማዶ ተምረው የመጡ መነጽራም ሴት ናቸው። ገና ሲጀምሩ ስለ ሳሲ አነሱ። ፍሬው ሳይበስል እንዳይቀጠፍ፣ ዓሣው ሳይራባ እንዳይጠመድ አባቶች ያበጁት ዘዴ ነው አሉ። «ፍርሃት ጥሩ አጥር ነው፤ ሽቦ አያስፈልገውም፣ አይዝግም።» ተማሪው ወደደላቸው። አንዱ ደፋር እጁን አወጣ፦

«ዶክተር፣ ታዲያ ምክንያቱን ካወቅን ብንበላ ምንም አንሆንም ማለት ነው?»

ዶክተሯ ሳቁ። ተማሪውም ሳቀ። ከዚያ መጽሐፋቸውን ከደን አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ ግን አልሞክረውም» አሉ።

ኦርሴ ከዚያ በኋላ ምን እንደተማረች አታውቅም።

በሳምንቱ አጋማሽ ኦፓ ዌሌም ጓሮውን ሊያዩ መጡ። ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ፣ ጆሯቸው ውስጥ ጸጉር የበቀለ፣ ሰው ሁሉ «ኦፓ»፣ አያት፣ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። ዛፉን ቀና ብለው አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ ከሙዙ ኋላ ጎንበስ አሉና አንድ የማንጎ አጥንት ይዘው ወጡ። ማማ ዶልፊናን፣ ኮባንና ኦርሴን በረንዳው ላይ ሰበሰቧቸው።

«ይህ» አሉ አጥንቱን እያገላበጡ፣ «የሌሊት ወፍ ጥርስ የፋቀው አይደለም።»

ማማ ዶልፊና ወደ ኦርሴ እንኳ አልዞሩም። ያቺ «በልቻለሁ» የምትል ጨዋ ልጅ! ቀጥታ «ኮባ!» አሉ።

«ምነው ማማ! በዚህ ሰፈር የሚበላ ነገር በጠፋ ቁጥር እኔ ነኝ?»

«አዎ!»

«ዓሣው የጠፋ ጊዜ ድመቷ ነበረች!»

«ድመቷ ማንጎ አትበላም!»

ኮባ እንደ ልማዷ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ፊቷ አመድ መሰለ። ኦርሴ ይህን አየች፣ ምንነቱ ግን አልገባትም።

ኦፓ ዌሌም አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻል ነበር። «የበላ ሰው እስከ ቅዳሜ በራሱ እግር ቤቴ ይምጣ» አሉ። «ማንጎ አንገቱ ላይ አስሮ መንደሩን ይዞራል፣ ይጸለይለታል፣ ያበቃል። ካልመጣ ነገሩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው በእኔ እጅ አይደለም።» አጥንቱን ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ማማ ዶልፊና ደግሞ ኮባን «እስከ ቅዳሜ ካልሄድሽ ሰኞ ዕቃሽን ይዘሽ ትወጫለሽ» አሏት። የኮባ አባት ትምህርቱን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም፤ ከቤት ተባረረች መባሉን ከሰሙ ሳፓሩዋ መልሰው ቅርንፉድ ለቀማ ነው የሚልኳት።

ኦርሴ ማንጎ አንገቷ ላይ አስራ መንደሩን ስትዞር በዓይነ ኅሊናዋ አየችው። መንደሩን የሚዞር ሰው በዩኒቨርሲቲው በር ያልፋል። በሩ ላይ ካካ ዮፒ አለ። ወሬ ደግሞ ከመርከብ ይፈጥናል፤ አክስቶቿ ዘንድ ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። ሆዷ ቢነፋ ይሻላታል። ደግሞ ቢነፋስ? ሞት አለ። ሁለቱን ስትመዝን ሰነበተች፤ በመጨረሻ ፈሪ ሰው ዘወትር የሚያገኛትን ሦስተኛ መንገድ አገኘች፦ መሸሽ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ኬይ የሚመለስ መርከብ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ በጓሮ በኩል ስትወጣ ኮባ አየቻት። ሻንጣውን ከእጇ ወስዳ ተሸከመችላትና ሚኒባስ እስከሚቆምበት ድረስ አብራት ሄደች። ዝናብ ያካፋል። ኮባ ዝም ስትል ደግሞ ያስፈራል።

«በእኔ ነው አይደል?» አለች ኮባ በመጨረሻ። «ከሌባ ጋር አንድ ክፍል አልተኛም ብለሽ ነው።»

«ኡሲ…»

«ልክ ነሽ። እኔም ብሆን እሄዳለሁ። ግን ትምህርቱን አትተዪ፣ ሌላ ቤት ፈልጊ። ከፈለግሽ እኔ አፈልግልሻለሁ።»

ሚኒባሱ መጣ። ረዳቱ «ወደብ! ወደብ!» አለ። የኦርሴ እግር አንዱ ደረጃው ላይ ወጣ፣ ሌላው መሬት ላይ ቀረ።

«ትገቢያለሽ ወይስ ታስቆሚናለሽ?» አላት ረዳቱ።

«እኔ ነኝ የበላሁት!» ብላ ጮኸች ኦርሴ።

«ምኑን?» አለ ረዳቱ።

«ማንጎውን! ራበኝ፣ ወድቆ አገኘሁት፣ ቅጠል ፈልጌ አጣሁ!»

ረዳቱ በጤናዋ ያለች አልመሰለውምና መኪናውን መትቶ አስነሳው። ኮባ ሻንጣውን ጭቃው ላይ ጣለችው።

«አንቺ አስመሳይ! 'በልቻለሁ ማማ፣ በልቻለሁ ማማ' እያልሽ! እኔ ስንት ሌሊት ሆዴ ሲነፋ እንቅልፍ አጥቼ!»

ኦርሴ እንባዋን እየጠረገች ቆም አለች። «አንቺ ሳትበዪ ለምን ይነፋሻል?»

ኮባ ወዲያ ወዲህ አየች። መንገዱ ላይ ከዶሮ በቀር ማንም የለም።

«ያለፈው ዓመት በልቼ ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ሁለት ነው። ማንም አላወቀም። ዘንድሮ ኦፓ ዌሌም አጥንቱን ሲያወጡ፣ አለቀ፣ መጣብኝ አልኩ።»

ሁለቱም ተያዩ። በዚህ ዓለም ላይ ከፈሪ የበለጠ ፈሪን የሚያጽናና የለም። ግን አልተሳሳቁም፤ የሁለቱም እጅ ሆዳቸው ላይ ነበር።

«እፈራለሁ ኡሲ።»

«እኔስ? ነይ፣ ሳንቀዘቅዝ እንሂድ።»

ኦፓ ዌሌምን በረንዳቸው ላይ ቅርንፉድ እያሰጡ አገኟቸው። ኦርሴ ተንበርክካ ተናገረች፤ ደጋግማ ጀመረችው። ሽማግሌው እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ቅጠል ፈልገሻል?»

«አዎ ኦፓ፣ ዞሬ ዞሬ።»

«መልካም ነው፣ አሳድገውሻል። ግን ሰው አገር ስትገቢ መጀመሪያ የሚጠየቀው 'ምን ምን ታስሯል?' ተብሎ ነው። እናትሽ አልነገረችሽም?»

«ነግራኛለች። መጠየቅ አፍሬ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ እፍረትሽን አውጥተሽ ትጨርሺዋለሽ።» ወደ ኮባ ዞሩ። «አንቺስ? ልታጅቢያት ነው የመጣሽው?»

ኮባ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። «የኔ ያለፈው ዓመት ነው ኦፓ» አለች።

ሽማግሌው ወደ ቤት ገቡና አንድ ሳይሆን ሁለት ገመድ ይዘው ወጡ።

እንዲህ ሆነ እንግዲህ፦ ጥሬ ማንጎ በገመድ እንደ ዶቃ ተሰክቶ አንገታቸው ላይ ታሰረ፣ ኦፓ ዌሌም ከፊት ቆርቆሮ እየመቱ፣ ሁለቱ ከኋላ እየጮሁ መንደሩን ዞሩ። መጮህ ያለባቸው «ወገኖቻችን፣ እኛን አይታችሁ ተማሩ! የታሰረ አትንኩ!» እያሉ ነው። ኮባ ትጮሃለች፤ ኦርሴ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ ግን የለም። «ከፍ!» ይላሉ ኦፓ ዌሌም ዞር ሳይሉ። ልጆች ከኋላ እየተንጫጩ ተከተሏቸው። ማማ ዶልፊና መስኮቱ ላይ ቆመው ኦርሴን ሲያዩ አፋቸውን በሻሽ ሸፈኑ፤ ስቀው ይሁን ደንግጠው ማንም አላወቀም።

ከዚያ የዩኒቨርሲቲው በር መጣ። አዲሶቹ በሰልፍ ቆመዋል፣ ነባሮቹ ዙሪያውን ከበዋል፣ ካካ ዮፒ መሐል ሆኖ ይጮሃል። ኦርሴ በሐሳቧ የአክስቶቿን ፊት አየች፣ የቄሱን ፊት አየች፣ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ተመኘች። ምድርም አልተከፈተች። ስለዚህ የሚወጣላትን ሁሉ ድምፅ አወጣች፦

«የታሰረ አትንኩ!»

ቆርቆሮው ሲመታ ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ማንም አልሳቀም። ከሴራም የመጣው፣ ከአሩ የመጣው፣ የከተማው ልጅ ሳይቀር የደሴት ልጅ ነው፤ ማንጎ አንገቱ ላይ የታሰረበት ሰው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ካካ ዮፒ ኮፍያውን አወለቀ። ኦርሴ በአጠገቡ ስታልፍ ጥላዋ እንዳይነካው ወደ ኋላ ሸሸና ጭቃ ውስጥ ገባ። እሷ ግን ይህን ሁሉ አላየችም፤ ዓይኗን ጨፍና ነው ያለፈችው። በኋላ ኮባ ናት የነገረቻት።

ኦፓ ዌሌም ከዛፉ ሥር ጸለዩላቸው፣ ውሃ አጠጧቸው፣ «በቃ» አሉ። ኦርሴ ግን በቃ ሲባል የሚበቃት ዓይነት አይደለችም። ከባሕሩ ላይ የመርከቡ ጡሩምባ ሲሰማ ከጭቃ የወጣውን ሻንጣዋን ታጥብ ነበር። ልብሷን አንድ በአንድ አውጥታ ገመድ ላይ ሰቀለችው፤ ማታ ማታ ግን ተስፈንጥራ እየተነሳች ከንፈሯን መለካቷን አልተወችም።

ሰኞ ሰልፍ ላይ ቆመች። ግራና ቀኟ ያሉት ትንሽ ትንሽ ራቋት። ካካ ዮፒ እየጮኸ መጣ፣ እየጮኸ መጣ፣ እሷ ዘንድ ሲደርስ ድምፁ ሰለለ።

«አንቺ… ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ ካካ።»

ከአጥሩ ውጭ ኮባ ቆማ ነበር። «ሆዷ ትንሽ ተነፍቷል በሉት!» ብላ ጮኸች።

ኦርሴ ደንግጣ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ለማስፈራራት አልነበረም፤ እውነት ተነፍቶ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ካካ ዮፒ ግን እጇ ወዴት እንደሄደ ካየ በኋላ ከሰልፉ ጫፍ ማዶ ሄዶ ቆመ። የኬይዋን ልጅ ከዚያ ወዲያ በስሟ የጠራት እንጂ የጮኸባት ሰው አልተሰማም።